አፉ ጠባብ ለሆነ ዕቃ የትኛው ሆሎዊንግ ሲስተም (ውስጥ መቦርቦሪያ) ይሻላል? (ያለኝ ባለ 12 ኢንች ሌዝ ነው)

ጋራዥ_ሜሪላንድ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ትንሽ ረዝሟል ይቅርታ። ያለሁት ሜሪላንድ ነው፣ ጋራዥ ውስጥ ባለ 12 ኢንች የእንጨት ሌዝ (ቶርኖ) አለኝ፣ ሁለት አመት ሊሞላኝ ነው ሳህን፣ የበርጩማ እግር፣ የረከቦት እግር ምናምን ስሰራ፣ ሳህን ላይ አሁን እጄ ገብቷል ማለት እችላለሁ። ሰሞኑን የያዘኝ አባዜ ግን እንስራ ነው። የእንጨት እንስራ። ውሃ ሚቀዳበት አይደለም ቅርጹን ነው፣ ሆዱ ሰፋ ብሎ አንገቱ ሰብሰብ ያለ፣ ባለቤቴ የደረቀ አበባ ምታስቀምጥበት። ቁመቱ ወደ 10 ኢንች፣ ውስጡ 9 ኢንች ሚገባ፣ አፉ ደግሞ ከ1 ኢንች ተኩል ባይበልጥ ደስ ይለኛል።

ውጪውን እሰራዋለሁ፣ ችግሩ ውስጡ ነው። ኦንላይን ርካሽ የሆነች አንገቷ የጎበጠ ከተር (መቁረጫ) ገዝቼ ነበር፣ ዘንጓ የጣቴን ያህል እንኳን አይሆንም። ቼሪ ነበር እንጨቱ፣ ውጪው እንዴት እንዳማረልኝ አትጠይቁኝ፣ እና ውስጡን እየቦረቦርኩ 5 ኢንች አካባቢ ስደርስ ነከሰና እጀታው ተጠምዝዞ ክንዴን መታኝ፣ ዕቃው ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ የጋራዡን በር መትቶ ተመለሰ። የፊት መከላከያ አድርጌ ነበር ተመስገን ነው። ክንዴ ግን በልዞ ሰነበተ፣ እቤት ደግሞ "ይሄ ነገር ይቅርብህ" ተጀመረ።

አሁን ሶስት አይነት እያየሁ ነው። አንደኛው በእጅ ሚያዘው ካርባይድ (በጣም ጠንካራ መቁረጫ ጫፍ) ያለው፣ ግን ወፍራም ዘንግ። ሁለተኛው ከኋላ ታስሮ ሚሄደው ካፕቸርድ ባር ሚሉት፣ ጫፉ የት እንደደረሰ በብርሃን ነጥብ ሚያሳይ ሌዘርም አለው። ሶስተኛው እንደ ክንድ ሚታጠፈው አርቲኩሌትድ አርም። ዋጋቸው ከጥቂት መቶ ዶላር ይጀምርና ሺህ ሚያልፍም አለ። ቪዲዮ ላይ ሁሉም የራሱን ያመሰግናል። የተጠቀመባችሁ ካላችሁ በናታችሁ ንገሩኝ፣ ሁለት ጊዜ መግዛት አልፈልግም።

ሚኒያፖሊስ_ሰጋቱራ፦

ወንድሜ እንኳን ተረፍክ። ያ የደረሰብህ ነገር የልምድ ማነስ ብቻ እንዳይመስልህ፣ ሂሳቡ ራሱ ነው የጣለህ። ሁለት ነገር ልንገርህ ከዛ ምርጫው ራሱ ይቀልልሃል።

አንዱ የዘንጉ ነገር ነው። ከቱልሬስቱ (ዘንጉ ከሚያርፍበት ብረት) አልፎ ወደ ውስጥ የገባው ርዝመት እጥፍ ሲሆን ዘንጉ ሚታጠፈው እጥፍ አይደለም፣ 8 እጥፍ ነው። 3 ኢንች ላይ ስትቆርጥ ምንም ሳይሰማህ 6 ላይ መንቀጥቀጥ ሚጀምረው ለዛ ነው። ውፍረቱ ደግሞ በተቃራኒው ይረዳሃል፣ የግማሽ ኢንች ዘንግና የሶስት ሩብ ኢንች ዘንግ በአይን ሲታዩ ብዙ አይለያዩም ግን ወፍራሙ 5 እጥፍ ይጠነክራል። ስለዚህ የጣትህን ያህል በማትሞላ ዘንግ 5 ኢንች መግባትህ ራሱ ጀግንነት ነው ሃሃ

ሁለተኛው መጠምዘዝ ነው፣ ክንድህን የመታህ እሱ ነው። አንገቱ የጎበጠ ከተር ጫፉ ከዘንጉ መስመር ወጣ ያለ ነው፣ እንጨቱ ጫፉን ወደታች ሲገፋው ዘንጉ እንደ ቁልፍ ይዞራል፣ ያን ሚይዘው ደግሞ የአንተ እጅ ብቻ ነው። በዛ ላይ የጎበጠው ክፍል ቱልሬስቱ ላይ ካረፈ አለቀልህ፣ ሁሌም ቱልሬስቱ ላይ ማረፍ ያለበት ቀጥ ያለው የዘንጉ ክፍል ነው። ድሮ በ1970ዎቹ እነ ዴቪድ ኤልስወርዝ ሚባሉት የታወቁ የእንጨት ቶርኖ ባለሙያ እንደዚህ አይነት ዕቃ በጎበጡ መሳሪያዎች በእጃቸው ይዘው ነው ሲሰሩ የነበሩት፣ ይቻላል፣ ግን እሳቸው እሳቸው ናቸው፣ እኔ ከስራ መልስ ማታ ሁለት ሰአት ነው ያለኝ፣ ስንት ዕቃ አፈንድቼ ልማር?

ካፕቸርዱም አርሙም ሚሰሩት ስራ አንድ ነው፣ መጠምዘዙን ብረቱ ይሸከመዋል፣ አንተ ምትመራው ግራና ቀኝ ብቻ ነው፣ በሁለት ጣት። እኔ ያለኝ ላይል ጄሚሰን ሚባለው ባለሙያ ያወጣው ካፕቸርድ ነው፣ ዘንጉ ከኋላ ዲ ቅርጽ ያለው እጀታ አለው፣ እጀታው በሁለት አግዳሚ ብረቶች መሃል ይንሸራተታል፣ ወደላይም ወደታችም መሄድ አይችልም። ስድስት አመት ሆኖኛል አንድ ቀን አልመታኝም። ሲነክስ እንኳ የሌዙ ቤልት ይንሸራተታል ወይ ዕቃው ከቻኩ (ጨብጦ ከሚይዘው) ይወጣል እንጂ እጅህ ላይ ሚመጣ ነገር የለም።

ግን ከመግዛትህ በፊት አንድ ጥያቄ፣ ሌዝህ ስንት ኢንች ርዝመት አለው? 12 ኢንች ብለህ ስፋቱን ነው የነገርከን።

ጋራዥ_ሜሪላንድ፦

አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ በጣም ገባኝ። ርዝመቱ በሁለቱ ሴንተሮች መሃል 20 ኢንች ነው። ቴይልስቶኩን (የኋላ መደገፊያውን) አውጥቼ ከስፒንድሉ (ዕቃውን ከሚያዞረው ዘንግ) አፍ እስከ ቤዱ (የሌዙ ወለል) ጫፍ ስለካው ደግሞ 26 ኢንች መጣ። ለምን ጠየቅከኝ?

ሚኒያፖሊስ_ሰጋቱራ፦

ሰው ሁሉ ሚረሳት ቦታ ስለሆነች ነው፣ እኔም ረስቻት ነበር። አብረን እንቁጠር። ቻኩ ከስፒንድሉ ወደ 3 ኢንች ተኩል ይወጣል፣ ዕቃህ 10 ኢንች፣ 13 ተኩል ሆነ፣ ቱልሬስቱ 14 ላይ ይቆማል። ቤዱ 26 ላይ ያልቃል፣ የኋላው ሹካ (እጀታው ሚንሸራተትበት) መቀመጫ ያስፈልገዋልና 24 ላይ ነው ሚቆመው በል። በቱልሬስቱና በሹካው መሃል ያለህ 10 ኢንች ብቻ ነው። ዘንጉ ደግሞ 9 ኢንች ይገባል፣ ይወጣል፣ እንደገና ይገባል፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ እጀታው ከሹካው መውጣት የለበትም፣ ወደ ውስጥ ሲገባም ዲው ቱልሬስቱን መምታት የለበትም። ይቻላል ግን ጥፍር ላይ ነህ። በዛ ላይ ሹካው ለቱልሬስቱ ሲቀርብ ጫፉን ሆዱ ጋ ለማድረስ ኋላውን ብዙ ማወዛወዝ ይኖርብሃል።

6 ኢንች ሚገባ ዕቃ ከሆነ ባለህ ሌዝ ላይ ምንም ችግር የለም። ለ9 ኢንች ግን ቤድ ኤክስቴንሽን (የቤድ ማራዘሚያ) ትፈልጋለህ፣ ለአብዛኛው ሚዲ (መካከለኛ) ሌዝ ይሸጣል፣ ወይ ደግሞ ሹካውን መሬት ላይ ከሚቆም እግር ላይ ማሰር ነው። የኤክስቴንሽኑን ዋጋ ሳትደምር ሲስተሙን አትግዛ።

ወይራ_ከቤርሸባ፦

ሰላም እኔ እዚህ እስራኤል ነው ያለሁት። የኔ ሌዝ ካንተም ያጠረ ነው፣ ማህሰን (ዕቃ ቤት) ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት፣ ማህሰኑ ደግሞ ሁለት ሰው ከገባበት አንዱ መውጣት አለበት። ለዛ ነው አርቲኩሌትድ አርም የገዛሁት እና አልቆጨኝም። ሁለት ቦታ ሚታጠፍ ክንድ ነው፣ አንዱ ጫፉ ቤዱ ላይ ይታሰራል ሌላኛው ዘንጉን ይይዛል፣ ወደፊት ሲሄድ ይዘረጋል ወደኋላ ሲመጣ ክርኑ ወደጎን ይታጠፋል። ስለዚህ ርዝመት አይበላብህም፣ ሚበላብህ ጎን ነው። ሌዙን ከግድግዳ ጋር ያጣበቀ ሰው ክርኑ ግድግዳ ይመታበታል፣ እኔ የደረሰብኝ እሱ ነው፣ ሌዙን ግማሽ ሜትር ወደመሃል መሳብ ነበረብኝ።

ማልወድለት ነገር መገጣጠሚያዎቹ ናቸው። እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ትንሽ ልቅነት ካለ ተደምሮ ጫፉ ላይ ትልቅ ሆኖ ይመጣል። ኩሽኔታ ያለው ከሆነ ይሻላል፣ ዝም ብሎ ቡሎን ብቻ ሆኖ ሚዞር ካየሽ አትግዢው (ካየህ ማለቴ ነው ይቅርታ እህቴን እያስተማርኩ ስለሆነ ነው)። ስትገዛ ክንዱን ዘርግተህ ጫፉን ይዘህ ወደላይና ወደታች አንቀጥቅጠው፣ እጅህ ላይ ቀቅ ካለ ውስጥም ቀቅ ይላል።

ከተሩን በተመለከተ ሁሉም ሰው ካርባይድ ካርባይድ ይላል። እኔ የደረቀ ወይራ ነው ብዙ ጊዜ ምሰራው፣ ከመከርከም ሚተርፍ ቅርንጫፍ ከመሻቭ (የገበሬዎች መንደር) ሰዎች ይሰጡኛል፣ ደረቅ ወይራ ድንጋይ ነው። ትልቅ ክብ ካርባይድ ቀጥ አድርገህ ስትሰጠው ብዙ እንጨት በአንድ ጊዜ ይነካል፣ ብዙ ከነካ ይጮሃል፣ ከጮኸ ይነክሳል። እኔ አሁን ምጠቀመው ትንሿን 5 ሚሊሜትር አራት ማዕዘን ሃይ ስፒድ ስቲል (መቁረጫ ብረት) ነው፣ ጫፏን ክብ አድርጌ በሞላ (በሚዞር መሳያ ድንጋይ) እስላታለሁ፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ዋጋዋም ከካርባይዱ ጋር አይወዳደርም። ካርባይዱን ምጠቀመው መጨረሻ ላይ ውስጡን ለማለስለስ ብቻ ነው። እርጥብ እንጨት ምትሰራ ከሆነ ደግሞ ስቲሏ ከበቂ በላይ ናት።

እና ወንድሜ ፀጉር፣ እጅጌ፣ ነጠላ፣ ከሌዙ አጠገብ እንዳይደርስ። እናቴ ልታየኝ ማህሰን ስትገባ ነጠላዋን በር ላይ ነው ማስቀምጣት፣ ተቆጣችኝ ግን አስቀመጠችው።

ሲያትል_77፦

ላይል ጄሚሰን ምናምን ከማለታችሁ በፊት ሌዘሩን ትታችሁ ካሜራ ያዙ። ሌዘር እኮ ከጫፉ በላይ ቆሞ ነጥቡን ዕቃው ላይ ይጥላል፣ የግድግዳህን ውፍረት ያህል አርቀህ ታስተካክለዋለህ፣ ነጥቧ ከዕቃው ጠርዝ ስትወድቅ ደርሰሃል ማለት ነው። ጥሩ ነው ግን ከጎን ወደ ታችኛው ወለል ስትዞር ሚቆርጠው የጫፉ ቦታ ይቀየራል፣ ስለዚህ ሌዘሩንም እንደገና ማስተካከል አለብህ፣ ማታ ሲደክምህ ትረሳዋለህ፣ አንድ ቀን ወለሉን ቀደህ ትወጣለህ። እኔ ሶስት ቀድጃለሁ። ካሜራው ከላይ ነው ሚያይህ፣ ከመግባትህ በፊት የከተሩን ጫፍ ስክሪኑ ላይ በማርከር ትስለዋለህ፣ በዙሪያው የውፍረቱን መስመር ትስላለህ፣ ከዛ በሁሉም አቅጣጫ እስከ መስመሩ ትቆርጣለህ፣ በቃ። አሮጌ ሞኒተርና ርካሽ ካሜራ ካለህ ራስህ ትሰራዋለህ። አንድ ነገር ብቻ፣ ካሜራው ከዘንጉ ጋር አብሮ መሄድ አለበት፣ ጣራ ላይ ከሰቀልከው ዋጋ የለውም።

ቶርኖ_ቤት_ኮልፌ፦

ሰላም ልጆች። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ ቶርኖ ላይ ከሰላሳ አመት በላይ ሆኖኛል፣ ብረትም እንጨትም። ስታወሩ ሳነብ አንድ ነገር አሳቀኝ፣ አንድ ሺህ ዶላር ትላላችሁ፣ ይሄ ዕቃ እኮ ዘንግ፣ ሹካና አራት ቡሎን ነው። እኔ የሰራሁትን ልንገራችሁ የፈለገ ይስራው።

ዘንጉ 20 ሚሊሜትር ብረት ነው። መጀመሪያ ሶማሌ ተራ ሄጄ የመኪና ሾክ አብዞርበር ዘንግ ገዛሁ፣ ቀጥ ያለ ነው ጠንካራ ነው ብዬ። ቀጥ ያለስ ቀጥ ያለ ነው ነገር ግን ላዩ ክሮም ነው፣ ከሥሩም ጠንክሯል፣ ጫፉን ልበሳ ስል ሶስት ፑንታ በላብኝ። ጫፉን በእሳት አግዬ አመድ ውስጥ ቀብሬ ካሳደርኩት በኋላ ነው የተበሳልኝ። ሁለተኛውን ስሰራ ተራ ብረት ገዛሁ፣ ተገላገልኩ። ጫፉ ላይ ለከተሯ ቀዳዳ፣ ከጎን አንዲት ትንሽ ቪቴ እንድታጠብቃት። ኋላው ላይ ዲውን በየድኩት። ሹካው ከቱቦላሬ ነው፣ ሁለቱ አግዳሚዎች መሃል ያለው ክፍተት ከእጀታው ውፍረት የወረቀት ያህል ብቻ ይብለጥ፣ ከዛ ከበለጠ ዘንጉ ይዘላል። ትንሽ ሰም ቀባ ቀባ ታደርጉታላችሁ፣ ይንሸራተታል።

ብየዳ ማትችል ከሆነ ግን ልጄ ግዛ። መጥፎ ብየዳ ከመጥፎ ከተር ይብሳል፣ እዛ ላይ አልከራከርም።

አሁን ወደ እንስራህ። ለምን በአንዲት ጠባብ አፍ መከራህን ታያለህ? ዕቃውን ከአንገቱ በታች፣ ትከሻው ላይ፣ ቆርጠህ ለሁለት ክፈለው። የታችኛው አፉ ሰፊ ሆነ ማለት ነው፣ እንደ ሳህን እንደ ሙቀጫ ትፈለፍለዋለህ፣ በያዝከው መሳሪያ። የላይኛውንም ገልብጠህ ትፈለፍላለህ። ከዛ አንዱ ሌላው ውስጥ ሚገባበት ትንሽ ከንፈር አውጥተህ በኮላ ትገጥማቸዋለህ፣ መጋጠሚያው ላይ ቀጭን ጭረት ታወጣለህ፣ ጌጥ ይመስላል፣ ማንም አያውቅም። እኔ ለሆቴል ስድስት ጌጥ ዕቃ እንዲህ ሰርቻለሁ ከግራቪሊያ። እንደውም አንዱን ስሰራ መብራት ጠፋ፣ ቶርኖው ቀስ እያለ ቆመ፣ ከተሩ ውስጥ ነበር፣ ባወጣው ኖሮ ጥሩ ነበር፣ አላወጣሁትም፣ መብራቱ ድንገት ተመልሶ ሲመጣ ቶርኖው ከነከተሩ ተነሳ። ማብሪያው ራሱ ሚዘጋ አይነት አልነበረም። ከዛ ቀን ወዲህ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ እጄ ሚሄደው ማብሪያው ላይ ነው።

እና እንጨቱ ደረቅ ይሁን። ለሁለት ቆርጠህ ምትገጥመው ከሆነ የግድ ደረቅ ይሁን።

ጋራዥ_ሜሪላንድ፦

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፣ እርስዎ እንዲህ ቁጭ ብለው ስለጻፉልኝ ራሱ ደስ ብሎኛል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ለሁለት መቁረጡ ማጭበርበር አይሆንም እንዴ? ማለቴ ሰዎች ሚደነቁት እኮ "በዚች ቀዳዳ እንዴት ገባህ" ብለው ነው።

ቶርኖ_ቤት_ኮልፌ፦

ሚስትህ ምትፈልገው አበባ ማስቀመጫ ነው ወይስ ጥንቆላ? ሸክላ ሰሪዋም እኮ እንስራን በአንድ ቁራጭ አይደለም ምትሰራው፣ ታችኛውን ሰርታ ጠንከር ሲል ላዩን በጭቃ እየጨመረች ነው ምታሳድገው። እሷን አጭበረበርሽ ሚላት የለም።

ዝም_ብሎ_አንባቢ፦

ሌዝ የለኝም፣ እንጨት አልሰራም፣ ግን ይህን ክር ሶስቴ አነበብኩት። "ጥንቆላ" ላይ ሞትኩኝ። ቀጥሉ።

ሚኒያፖሊስ_ሰጋቱራ፦

ጋሼ ልክ ናቸው፣ ለሁለት መክፈሉ ጥሩ መንገድ ነው፣ በተለይ የኤክስቴንሽኑን ነገር እስክታስብ ድረስ። የሾክ አብዞርበሩ ነገር ደግሞ እኔንም አስቆኛል፣ እኔም አንድ አለችኝ ሳትበሳ ቁጭ ብላለች።

ግን አንድ ቀን በጠባቡ አፍ መግባትህ ስለማይቀር ጥቂት ነገር ልጨምር። የከተሩ ከፍታ። ውጪውን ስንፍቅ ስክሬፐር (መፋቂያው) ከመሃል መስመሩ ትንሽ ዝቅ ይበል እንላለን አይደል፣ ውስጥ ግን ተቃራኒ ነው፣ ከመሃል ትንሽ ከፍ ነው ሚባለው። ዘንጉ ሁሌ ሚታጠፈው ወደታች ነው፣ ከፍ ብሎ ከጀመረ ሲወርድ ከእንጨቱ ይርቃል፣ መሃል ላይ ወይ ዝቅ ብሎ ከጀመረ ግን ሲወርድ ወደ እንጨቱ ይገባል፣ በገባ ቁጥር ይበልጥ ይታጠፋል፣ ያኔ ነው "ጓ" ሚለው። እኔ ጋ የሶስት ሚሊሜትር ልዩነት ሰማይና ምድር ነው የሆነው። ካፕቸርዱ ላይ አንዴ ታስተካክለዋለህ፣ ከዛ አትነካውም።

ከዛ መጀመሪያ መሃሉን በፑንታ እስከ ጥልቀቱ ትበሳለህ፣ ትክክለኛው ጥልቀት ላይ ቴፕ ለጥፈህ፣ ያ ቀዳዳ ወለልህ የት እንደሆነ ይነግርሃል። ከዛ ከላይ ጀምረህ አንድ ኢንች አንድ ኢንች እያልክ ውፍረቱን ጨርሰህ ነው ወደታች ምትወርደው፣ የላይኛውን ሳትጨርስ ወርደህ እመለሳለሁ ካልክ ስትመለስ ግድግዳው ቀጥኖ እንደ ከበሮ ነው ሚያንቀጠቅጥህ። ከታች ያለው ያልተነካ እንጨት ነው ክብደት ሆኖ ሚይዝልህ።

ሰጋቱራው። ይሄን ማንም በቪዲዮ አያሳይህም ምክንያቱም አሰልቺ ነው። በጠባብ አፍ ሰጋቱራ አይወጣም፣ ይታመቃል፣ ከተሩን ያፍነዋል፣ እርጥብ እንጨት ሲሆን እንደ ጭቃ ይጠቀጠቃል። በየደቂቃው እያቆምክ በኮምፕሬሰር መንፋት ነው፣ መነጽርና ማስክ አድርገህ፣ ፊትህን አዙረህ። እየዞረ ጣት ውስጥ አይገባም፣ ቆሞም ቢሆን እኔ አላስገባም። የስራው ግማሽ ጊዜ ንፋስ መንፋት ነው ብልህ አላጋነንኩም።

ፍጥነት አትቸኩል፣ እኔ በደቂቃ ከ500 እስከ 700 ዙር ነው ምሰራው በዚህ መጠን። እና ቻክህ ላይ ሚያዘው ቴነን (ጉጡ) ወፈር ይበል፣ ቻኩን ማታምነው ከሆነ ፌስፕሌት (ጠፍጣፋ መያዣ ብረት) በቪቴ።

ባይሆን ከመግዛትህ በፊት ሞክረው። አሜሪካን አሶሴሽን ኦፍ ውድተርነርስ ከ1986 ጀምሮ ያለ ማህበር ነው፣ ዋናው ቢሮ እዚህ እኛው ጋ ሴንት ፖል ነው፣ ቻፕተሮች (ቅርንጫፎች) ግን በየስቴቱ አሉ፣ ሜሪላንድም ሞልቷል። አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ናቸው፣ እኔ መጀመሪያ ስገባ አንድ ጥቁር ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ፈርቼ ከኋላ ተቀመጥኩ፣ በሁለተኛው ቀን አንዱ ሽማግሌ ቤቱ ወስዶ ሶስቱንም ሲስተም አስሞከረኝ። ጄሚሰኑን የመረጥኩት በቪዲዮ ሳይሆን በሱ ጋራዥ ነው። እንጨትም ይሰጡሃል፣ አሽ ዛፍ በትል ምክንያት በየሰፈሩ እየተቆረጠ ነው፣ እዚህ ሴንት ፖል ትሉ ከተገኘበት ከ2009 ጀምሮ አሽ ገዝቼ አላውቅም።

ወይራ_ከቤርሸባ፦

ሰጋቱራው ላይ አሜን። እኔ የቫኪዩም ቱቦ አጠበብኩና አፉ ውስጥ ሚገባ አድርጌ ነበር፣ አንድ ቀን ከተሬን ሙሉ በሙሉ ውጦ ነው ያገኘሁት። ትንሽ ቪቴዋን በደንብ አጥብቁ።

ጋራዥ_ሜሪላንድ፦

ከሶስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ፣ ይቅርታ ስራ በዝቶብኝ ነው።

ጋሼ ያሉኝን ሞከርኩ። ግን እውነቱን ልናገር፣ እንጨቱ ደረቅ ይሁን ሲሉኝ ደረቅ ይመስላል ብዬ የማውቀውን አሽ ተጠቀምኩ፣ ከተቆረጠ አምስት ወር ነው። ትከሻው ላይ ቆረጥኩት፣ ውስጡን ፈለፈልኩት፣ ከንፈሩን አወጣሁ፣ ልክ እንደ ክዳን ጥብቅ ብሎ ነው የገጠመው፣ ኮላ ቀባሁ፣ ጭረቷን አወጣሁ፣ ባለቤቴ በፍጹም አላወቀችም። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ቡና እየጠጣን መጋጠሚያው ላይ ጥፍር ሚያስገባ ክፍተት አየች። ታችኛው ሞላላ ሆኗል፣ ላይኛው በራሱ አቅጣጫ ሞላላ ሆኗል፣ ኮላው መሃል ላይ ተጨንቆ ነው ያለው። "ይሄ ምንድነው?" አለች፣ ነገርኳት፣ ሳቀች። አበባው ግን አሁንም ውስጡ ነው፣ ክፍተቱ ወደ ግድግዳው ዞሮ።

ቻፕተርም ሄድኩ። እንዳልከው ነው፣ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ኮፊ አለ ዶናት አለ። አንዱ ቤት ሁለቱንም ሞከርኩ፣ አርሙ እጄ ላይ ቀላል ነበር ግን የቤርሸባዋን እህታችንን ምክር ሰምቼ ዘርግቼ ሳንቀጠቅጠው ቀቅ አለ፣ ሰውየውም "አስር አመት የሰራ ነው" አለኝ፣ ስለዚህ አዲሱ ላይሆን ይችላል። ካፕቸርዱ ግን ገና ስይዘው ክንዴ ትዝ አለኝ፣ ያ የመታኝ ነገር እዚህ ሊደርስ እንደማይችል በእጄ ነው የገባኝ። ሆን ብዬ እንዲነክስ አደረግኩት፣ ሰውየው ራሱ ነው አድርገው ያለኝ። ቤልቱ ጮኸ፣ እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም።

ስለዚህ ካፕቸርድ ባር፣ ሶስት ሩብ ኢንች ዘንግ፣ ያለ ሌዘር። ካሜራውን እራሴ እሰራዋለሁ፣ አሮጌ ሞኒተር አለኝ። የሌዘሩን ብር ለቤድ ኤክስቴንሽኑ አዋልኩት። ሲስተሙ ትላንት መጣ፣ ኤክስቴንሽኑ ሐሙስ ይደርሳል ብለዋል፣ እስከዛ 6 ኢንች ሚገባ ትንሽ ማሰሮ ቻክ ላይ አስሬያለሁ።

ቶርኖ_ቤት_ኮልፌ፦

አምስት ወር ደረቅ አይደለም ልጄ። መዝነው፣ ቀኑን ጽፈህ በየሳምንቱ መዝነው፣ መቀነስ ሲያቆም ያኔ ደረቅ ነው።

ጋራዥ_ሜሪላንድ፦

እሺ ጋሼ፣ የኩሽናውን ሚዛን ሰርቄያለሁ።